ሳይነጋ አትፍረጂበት

ቢሾፍቱ፣ ሐምሌ 21 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ሚጡ መገልበጥ ጀመረች ወይስ ገና ነች? እዚህ ክረምቱ ጠንክሯል። ሰማዩ ጠዋት ይከፈትና ከሰዓት ይዘጋል፤ የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ጋቢዬን ተከናንቤ ስለ ሙቀት ልጽፍልሽ መቀመጤ ራሴንም አስቆኛል።

ዳላስ ሳለሁ የተከልኳቸውን የሱፍ አበቦች ፎቶ አየሁት። አባትሽም መነጽሩን ፈልጎ አየውና «ይኼማ ውኃ ጠምቶታል፣ ታጠጣው እንጂ!» ብሎ ፈርዶ ወደ ዜናው ተመለሰ። እኔን ያሳሰበኝ ቅጠሎቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ መንጠልጠላቸው አይደለም። ከፎቶው ሥር «እማዬ፣ አበቦችሽን ገደልኳቸው» ብለሽ መጻፍሽ ነው። በስልክ ላስረዳሽ ብሞክር ኔትዎርኩ ተቆራረጠ፣ ሚጡ አለቀሰች፣ አንቺም «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ዘጋሽው። ያንን «እሺ፣ እሺ» ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጆሮሽ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም በወረቀት አስፍሬ፣ ወደ ዳላስ በሚመለሱት ጎረቤታችን እጅ ከበርበሬው ጋር ልኬልሻለሁ። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ግራ እንዳይገባሽ።

አልገደልሻቸውም። ፎቶውን ያነሳሽው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ሙቀቱም 39 ዲግሪ እንደነበር ነግረሽኛል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ፀሐይ፣ ያን የሚያህል ቅጠል ተዘርግቶ ቢቆም ነበር የሚገርመኝ። የሱፍ ቅጠል በላይኛውም በታችኛውም ገጹ ላይ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። አየር የሚያስገባው በእነሱ ነው፤ ውኃውም በእንፋሎት የሚወጣው በእነሱ ነው፤ ቅጠሉ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው። ሥሩ ግን ፀሐይ በበረታች ቁጥር እኩል አይፈጥንም። ቅጠሉ የሚያወጣው ሥሩ ከሚስበው ሲበልጥ በቅጠሉ ውስጥ ያለው የውኃ ግፊት ይቀንሳል፤ ቅጠሉም ይለሰልስና ይወርዳል። የወረደ ቅጠል ደግሞ ፀሐይን ፊት ለፊት አይጋፈጣትም፤ የሚያርፍበት ጨረር ይቀንሳል። ማታ ላይ ሥሩ የቀረበትን ሞልቶ ይደርሳል፤ ቅጠሉም ተመልሶ ይነሳል። ይህ በሽታ አይደለም። የቀትር ሥራው ነው።

መምህር ሳለሁ ስለ ተክልና ውኃ ያለውን ምዕራፍ የምጀምረው በአንድ እንግሊዛዊ ቄስ ነበር፤ ስቲቨን ሄልስ ይባላል። ሰውየው በለንደን አጠገብ በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቴዲንግተን ያገለግል ነበር። በፈረንጆቹ 1724 በሐምሌ ወር በማሰሮ የተተከለ የሱፍ አበባ ወሰደ፤ የማሰሮውን አፍ ውኃው በአፈሩ በኩል እንዳይተን በስስ የእርሳስ ቆርቆሮ ደፈነው። ከዚያ ጠዋትና ማታ እያነሳ ይመዝነው ጀመር። በቃ፣ ሌላ መሣሪያ የለውም፤ ሚዛን ብቻ። ቁመቱ ከ1 ሜትር እምብዛም የማይበልጠው ያ ተክል በ12 ሰዓት ቀን ውስጥ በአማካይ ከግማሽ ኪሎ በላይ ውኃ ያወጣ ነበር፤ በጣም ሞቃትና ደረቅ በሆነው ቀን ደግሞ ወደ 850 ግራም ደረሰ። ጤዛ ባለበት ሌሊት ግን ምንም አላወጣም፤ እንዲያውም ክብደት ጨመረ። ሄልስ በ1727 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ ሲያሰላው፣ የአካል መጠናቸውንና ጊዜውን እኩል ቢያደርጉት ሱፉ ከሰው 17 እጥፍ የሚበልጥ ውኃ በሰውነቱ ያሳልፋል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ አያምኑኝም ነበር። ያኔ ወደ ግቢው እወስዳቸውና በአንድ ቅጠል ላይ ፌስታል አስረን እንሄዳለን፤ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ስንመለስ ፌስታሉ ውስጡ በጠብታ ተሞልቷል። አንቺም ሞክሪው፤ ከነገርኩሽ ሁሉ እሱ ይበልጥ ያሳምንሻል። የሄልስ ሱፍ እንግዲህ በእንግሊዝ አየር ነው ያን ሁሉ ያወጣው። ያንቺዎቹ ከአጥሩ በላይ ወጥተው 3 ሜትር ሊሞሉ ነው፤ ያሉትም ዳላስ ነው።

ስለዚህ ፍርዱን በቀትር አትስጪ። ፀሐይ ስትጠልቅ እያቸው፤ ከዚያ ማለዳ ሚጡን ለማጥባት ስትነሺ በኩሽናው መስኮት ደግመሽ እያቸው። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቅጠሉ ከተዘረጋ፣ የትናንቱ መጠውለግ የትናንት ፀሐይ ነው፤ ስለ እሱ ብለሽ ጎማውን አትክፈቺ። ማለዳም እንደተንጠለጠለ ካገኘሽው ግን ያኔ ነገር አለ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ወደ አፈሩ ነው የሚኬደው። የባልሽን ረጅሙን ካቻቢቴ ውሰጂና ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብለሽ ወደ መሬት ግፊው። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ያለ ትግል ከገባና አፈር ይዞ ከወጣ፣ ውኃ አለ። አልገባም ካለሽ ደርቋል፤ በዚህ ጊዜ ቀትርም ቢሆን አጠጪው፣ ሰዓት አትጠብቂ። ላይኛውን አፈር ብቻ በጣት ነካ አድርጎ መፍረድ የትም አያደርስም፤ በዳላስ ፀሐይ ላይኛው ሁልጊዜ ደረቅ ነው።

አፈሩን እኔ ነኝ የቆፈርኩት፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ጥፍሬ ውስጥ ሲጣበቅ አወቅሁት። መረሬ ነው። አዳአ ላይ የአያትሽ የጤፍ ማሳ የነበረው ያው ጥቁር አፈር። ምሁራኑ ሁለቱንም ቨርቲሶል ብለው በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል፤ የዳላስን አካባቢ የሚያቋርጠውን ደግሞ ሂውስተን ብላክ ይሉታል፤ የቴክሳስ ግዛት መለያ አፈር የሚባለውም እሱ ነው። የዚህን አፈር ጠባይ ለማወቅ የአዳአ ገበሬ ልጅ መሆን ይበቃል። ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ሲረጥብ አብጦ ይዘጋል፤ ውኃውን ይዞ አይለቅም፣ አየር አያሳልፍም። አያትሽ በዚህ ወር የሚጨነቁት ስለ ዝናብ ማነስ አልነበረም፤ ማሳው ላይ የተኛውን ውኃ በቦይ ስለማውጣት ነበር።

ይህን የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? ሥር ውኃ ለመሳብም አየር ያስፈልገዋል። መረሬ ጠግቦ እያለ ብትጨምሪበት ሥሩ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር ውኃ መሳብ ያቆማል፤ ተክሉም ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ከላይ ሲታይ ደግሞ የተጠማው ተክልና የታፈነው ተክል አንድ ይመስላሉ! የፈራ ሰው የወረደውን ቅጠል ያይና ያጠጣል፤ ነገ ይበልጥ ወርዶ ያገኘዋል፤ ደግሞ ያጠጣል። እዚህ ቢሾፍቱ በሰው ግቢ ውስጥ የሞተ አበባ ስንቱን አይቻለሁ፤ አብዛኛው በጥማት አይደለም የሄደው፣ ሰው አሳዝኖት ባጠጣው ውኃ ነው። አንቺ ደግሞ ከሁሉ ነገር ቶሎ የሚያዝንልሽ ልብ ነው ያለሽ።

ውኃ የሚሰጠው እንዲህ ነው። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ይቅር፤ ላይኛውን ብቻ የሚያረጥብ ውኃ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል፤ ላይኛው ደግሞ የሚቃጠለው ነው። የሱፍ ዋናው ሥር መሬቱ ከፈቀደለት ከአንድ ሜትር አልፎ ይወርዳል፤ እዚያ ታች ያለው እርጥበት ነው በቀትር የሚያቆመው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ ግንድ ወደ 8 ሊትር ገደማ፣ ማለዳ። ጎማውን ቀጭን አድርጊና ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብለሽ ዙሪያውን አስኪጂው እንጂ እግሩ ሥር አትድፊው። መረሬ ቶሎ አይጠጣም፤ መፍሰስ ሲጀምር አቁሚ፣ ሌላውን አጠጪ፣ ከዚያ ተመለሺ። ስንጥቅ ካየሽ ውኃውን በስንጥቁ አትልቀቂው፤ ከሥሩ አልፎ ይጠፋል። መጀመሪያ በብስባሽ ሙይው። አሁን እንቡጡ ሊፈነዳ ነው ብለሽኛል፤ ከዚህ ጀምሮ ፍሬው መሙላት እስኪጀምር ድረስ ያለው ጊዜ ሱፍ ውኃን አጥብቆ የሚፈልግበት ነው፤ በዚህ ጊዜ በእውነት ከተጠማ ፍሬው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ቀን እንዳትዘልይ፤ ካቻቢቴው ደርቋል ካለሽ ሦስተኛ ጨምሪ።

የከተማውም ደንብ ከእኔ ጋር ይስማማል። ዳላስ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በመርጫ ማጠጣት ይከለክላል፤ አብዛኛው ውኃ ወደ ሰማይ ስለሚሄድ ነው። በእጅ ለሚያጠጣ ሰው ግን ይፈቅዳል።

ደግሞ ጎማውን ተጠንቀቂ! ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ውስጥ የቀረው ውኃ ሰው ያቃጥላል። ከመጠቀምሽ በፊት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ወደ ባልዲ አፍስሺው። ሚጡን አቅፈሽ በዚያ ፀሐይ ጎማ ይዘሽ መቆምሽን ደግሞ ከፎቶው ጥላ አይቻለሁ፤ እንዳላየሁ አልሆንም። ማጠጣት የባልሽ ሥራ ይሁን። ማለዳ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም፤ እኔ እዚያ ሳለሁ ስነግረው «እሺ እማማ» ብሎኛል፤ የእሱ «እሺ» ደግሞ እሺ ነው። አንቺ በዚያ ሰዓት ተኚ።

ጉዝጓዙን አልብሳችሁታል? ካልሆነ ቅዳሜ አልብሱት። ሳሩ ሲታጨድ የሚወጣውን ጥላ ላይ አድርቃችሁ አራት ጣት በሚያህል ውፍረት ሥሩ ላይ ዘርጉት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ ትንሽ ክፍት ተዉለት፣ እርጥበት ታቅፎ ይበሰብሳል። ጉዝጓዝ ያለው መረሬ እንደዚያ አይሰነጠቅም፤ ውኃውም ይቆያል። አንድ ነገር ግን ባልሽን ጠይቂልኝ፦ ሳሩ ላይ የአረም መድኃኒት ይረጫል ወይ? የሚረጭ ከሆነ ያንን ሳር ለጉዝጓዝ አትንኩት። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድለው መድኃኒት ሱፍንም ከአረም አይለይም። በነፋስ የመጣ ትንሽ ብናኝ እንኳ ጫፉን ያጣምመዋል። ቅጠሉ ወርዶ ሳይሆን ተጠማዞ፣ ግንዱም ተቆልምሞ ካየሽ ጥርጣሬሽ ወደዚያ ይሂድ። ማዳበሪያ በዚህ ሙቀት አትስጡት፤ ዩሪያ ቁመት ይጨምርለታል፣ ጥንካሬ አይጨምርለትም።

ቁመት ስል፣ ባልሽ «ስንት ሜትር ይደርሳል?» ሲለኝ ነበር። በፈረንጆቹ 2014 ጀርመን ውስጥ አንድ የሱፍ አበባ 9.17 ሜትር ደርሶ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። የእናንተ ከዚያ ሲሶውን ቢደርስ ይበቃዋል፤ ለነሐሴ ነፋስ ግን እሱም ቀላል አይደለም። ችካሎቹን ስተክል አብሬ ያቆምኳቸው ሥሩን ላለመጉዳት ነው፤ አሁን አዲስ ችካል በሥሩ መሀል አትቅበሩ። ባሉት ላይ ቀርከሃ ጨምራችሁ አስረዝሟቸው። ማሰሪያው ሽቦ ወይም ገመድ አይሁን፤ ሰፋ ያለ ብጣሽ ጨርቅ፣ በግንዱና በችካሉ መካከል ተጠላልፎ፣ ላላ ብሎ። ግንዱ ሊወዛወዝ ይገባዋል፤ ነፋስ ያወዛወዘው ግንድ ይጠነክራል።

አሁን ስለ «አንገቱን ደፋ» ያልሽው። እንቡጡ ከሰዓት ወደ ምዕራብ ማዘንበሉ መጠውለግ አይደለም፤ ፀሐይን እየተከተለ ነው። ቀን በምሥራቅ በኩል ያለው የግንዱ ጎን ይበልጥ ያድግና ራሱን ወደ ምዕራብ ይገፋዋል፤ ሌሊት ደግሞ የምዕራቡ ጎን ያድግና ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ምሥራቅ ይመልሰዋል። አበባው ከፈነዳና እድገቱ ካቆመ በኋላ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀራል። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2016 ይህን ሲያጠኑ፣ ወደ ምሥራቅ የሚያዩት አበቦች ማለዳ ቶሎ ስለሚሞቁ፣ ፊታቸው ወደ ምዕራብ ከተዞረው ይልቅ አምስት እጥፍ ንብ ሲጎበኛቸው አግኝተዋል። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ራሱ ሙሉ በሙሉ ወደ መሬት ይደፋል። ያን ቀን እንዳትደውዪልኝ፤ ፍሬው ከብዶት ነው፤ ያ የምንፈልገው ነው።

የሚያሳስበው አንድ መልክ ብቻ ነው። ከብዙዎቹ መካከል አንዱ ለብቻው፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ፣ ማለዳም ሳይነሳ ከቀረ ከሥሩ በላይ ያለውን ግንድ እይው። ግራጫ ሆኖ ሲቧጠጥ ውስጡ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉት፣ በሙቀትና በድርቅ ጊዜ የሚበረታ ከአፈር የሚመጣ ሻጋታ ነው። ውኃም መድኃኒትም አይመልሰውም። ንቀዪውና ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው፤ ብስባሹ ላይ አታድርጊው። በዚያ ቦታ ለሚቀጥለው ዓመት ሱፍ አትትከሉ። ስለ አንዱም አታልቅሺ፤ ሌሎቹ አሉ።

ልጄ፣ ስለ ሱፉ አትስጊ ያልኩሽ ለማጽናናት ብቻ አይደለም። እንግዶቹ እኛ ነን እንጂ እሱ የአገሩ ልጅ ነው። ዱር በቀሉ ሱፍ በቴክሳስ አውራ ጎዳና ዳር ማንም ሳያጠጣው ሲያብብ አብረን አይተነዋል። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከ4,000 ዓመት በፊት አልምተው ዘርተውታል። ስፔኖች በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ ሩሲያ ገብቶ ትልቅ የዘይት እህል ሆነ፤ ከዚያ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ተመልሶ አሜሪካ ሲሸጥ ስሙ «ማሞት ራሽያን» ሆኖ ነበር። እኔ የገዛሁት ፓኬት ላይ የተጻፈውም እሱ ነው። ሄዶ፣ ገዝፎ፣ የሰው አገር ስም ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ዘር! ይህን ሳነብ ዘር ሻጩ ቤት ውስጥ ብቻዬን መሳቄን ታስታውሺያለሽ፤ አንቺ ሰው እንዳያየን ስትጎትቺኝ ነበር።

ዘንድሮ ለፍልሰታ አይደርስም። ግን የአበባው ጀርባ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቡናማ ሲሄድ ከግንዱ አንድ ስንዝር ጨምረሽ ቁረጪው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ዘቅዝቀሽ ስቀይው። ከዚያ በፊት ግን ወፍና ሽኮኮ ይቀድሙሻል፤ ቢጫ ማለት ሲጀምር በወንፊት ጨርቅ ሸፍኚው እንጂ በፌስታል አይሁን፣ ይሻግታል። ከትልቁ ራስ መሀል ሳይሆን ከዳር ዳሩ ያለውን፣ ሞላ ያለውን ፍሬ ለዘር አስቀምጪ። የቀረውን አፍልተሽ ፈጭተሽ፣ አጥልለሽ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፈሽበት ፍትፍት አድርጊው። ለዓቢይ ጾም ይሆንሻል።

አንቺስ? ስለ አበባው ስትነግሪኝ ድምፅሽ ደክሟል። የምታጠቢ ሰው ነሽ፤ አጥሚቱን አቁመሻል መሰለኝ። የላክሁልሽ የአጃ ዱቄት አዲስ ነው፣ አብሹ አልገባበትም፣ ማታ ማታ ጠጪው። የሚጡን ልብስ ሌሊት ማጠብ ይቅር፤ ያልታጠበ ልብስ ማንንም አልጎዳም። እኅትሽ እሑድ እሑድ እየመጣች ሚጡን ሁለት ሰዓት ብትይዝልሽ ምን አለ? ጠይቂያት። አንቺ ሳትጠይቂ ሰው ያውቅልኛል ትያለሽ፤ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅልሽም፣ እኔ ደግሞ ሩቅ ነኝ።

በርበሬው የዘንድሮ ነው፤ ግማሹን ፍሪዘር አስገቢው። ሽሮው ሚጥሚጣ የለበትም፣ ለባልሽ ብዬ ነው። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረው የአባትሽ ነው፤ ለሚጡ የእግር አልቦ አሠርቶላት ሰፊ ነው ብዬ ብነግረው አልሰማኝም፣ ስታድግ ታደርገዋለች። የጎረቤታችንን ሻንጣ ኪሎ ስላሞላሁባቸው አመስግኚያቸው፤ ከቻልሽም እቤት ጠርተሽ ቡና አፍዪላቸው።

እናትሽ